የደንበኛን ደብዳቤ ለቻትጂፒቲ ከመስጠት በፊት

እህቴ፣ የቁጠባና ብድር ተቋማችሁ የደንበኞችን የቅሬታ ደብዳቤ በቻትጂፒቲ ቢያሳጥር ችግር አለው ወይ ብለው ለጠየቁት፦ ማሳጠሩ ችግር የለውም፤ የሚያሰጋው ስምና ስልኩ አብሮ መሄዱ ነው።

መጀመሪያ ሠራተኞቹ አሁን በምን እንደሚጠቀሙ ይጣራ። አለቃው ገና "እንጀምር ወይ?" ሲል ሠራተኛው በግል ስልኩ ጀምሮት ሊሆን ይችላል። በግል አካውንት የሚጻፈው ደግሞ፣ ሴቲንግ ገብተው ፈቃዱን ካላጠፉት፣ ለሞዴሉ ማሠልጠኛ ሊውል ይችላል። በድርጅት አካውንትና በኤፒአይ (የተቋሙ ፕሮግራም ከሞዴሉ ጋር በቀጥታ በሚገናኝበት መንገድ) የሚላከው ግን ካልፈቀዱ በቀር አይውልም። ስለዚህ መከልከል ብቻውን አይበጅም፤ የድርጅት አካውንት ይከፈትላቸው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ስምን ከደብዳቤው ማውጣቱ ላይ ነው። ስልክ፣ የሂሳብ ቁጥር፣ ባለ 12 ወይም ባለ 16 አሃዝ የፋይዳ ቁጥር በቀላል ስክሪፕት (አጭር የኮምፒውተር ፕሮግራም) ይያዛል። የአበሻ ስም ግን ያመልጣል። "ደስታ" ሰው ይሁን ስሜት ከዐረፍተ ነገሩ እንጂ ከፊደሉ አይለይም። የደንበኞችን ስም ዝርዝር ይዞ ፈልጎ መተካትም ይስታል፦ "ኃይሉ" ተብሎ የተመዘገበው ደብዳቤው ላይ "ሀይሉ" ይሆናል፤ "አለማየሁ" ደግሞ "ላለማየሁ"፣ "ካለማየሁ" ሲባል የመጀመሪያ ፊደሉ ራሱ ይጠፋል። ስለዚህ ከመፈለጉ በፊት ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ኃን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ወደ አንድ አምጡ፤ ለእያንዳንዱ ስምም "በ"፣ "ለ"፣ "የ" እና "ከ" ሲጣበቁበት የሚይዘውን ቅርጽ ዝርዝሩ ላይ ጨምሩ። ስሙን "ደንበኛ 014" በመሰለ ኮድ ተኩት፤ ኮዱን የሚፈታው ሰንጠረዥ ከተቋሙ ኮምፒውተር አይውጣ። ከዚያ ሰው ያንብበው። "የቀበሌያችን ብቸኛዋ የወፍጮ ቤት ባለቤት" ስም ባይጠራም ማን እንደሆነች ያስታውቃላ!

ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ደብዳቤ እንደላከ ይመዝገብ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዳታ ሲያፈተልክ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅን ይጠይቃል፤ መዝገብ ከሌለ የማን ዳታ እንደወጣ ለማወቅ እንኳ ጊዜው አይበቃም። ዳታ ወደ ውጭ አገር መላክንም አዋጁ በቅድመ ሁኔታ ያሰረው ስለሆነ ከአገልግሎቱ አቅራቢ ጋር የሚገባውን ውል የሕግ ባለሙያ ይየው።

አጥሮ የመጣውን ጽሑፍ ከዋናው ጋር ሲያመሳክሩ ገንዘቡን፣ "አልከፈልኩም" እና "አልተከፈለኝም" መለዋወጣቸውን፣ በተለይ ግን ዓመተ ምሕረቱን ይዩ። "በ2016 የተበደርኩት" የሚለውን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከወሰደው የቅርቡ ብድር የብዙ ዓመት ውዝፍ መስሎ ይቀርባል።