«የኦስካር መስፈርት ኮታ አይደለም ወይ?» ላልከው

ወንድሜ፣ «ኦስካር ምርጥ ፊልምን በዘርና በፆታ መስፈርት መለካት ጀምሯል ይባላል፤ ታዲያ ሽልማት በችሎታ ነው ወይስ በኮታ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ፤ ትንሽ ትወና፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ዳኝነት ሞክሬያለሁ። ይረዝማል፣ ታገሠኝ።

መጀመሪያ ወሬው ይጥራ። መስፈርቱ የወጣው በ2020 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥርልህ)፣ ሥራ ላይ የዋለው በ2024ቱ ሽልማት ነው። የሚመለከተውም «ምርጥ ፊልም» የሚባለውን ዘርፍ ብቻ ነው። ሴቶችና እስካሁን ቦታ ያጡ ዘሮች መካተታቸው የሚታይበት አራት መንገድ አለው፦ ተዋንያኑና ታሪኩ፣ ከካሜራ ጀርባ ያሉት ባለሙያዎች፣ ለጀማሪዎች የሚሰጥ ክፍያ ያለው የሥራ ልምምድ፣ የማስታወቂያና የስርጭት ክፍሉ። ከአራቱ ሁለቱን ያሟላ ያልፋል። እንግዲህ አንድም ጥቁር ፊት የማይታይበት ፊልም በሌሎቹ በሮች መግባት ይችላል ማለት ነው። በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ያሸነፈው «ኦፐንሃይመር» ሲሆን መሪ ተዋንያኑ ነጮች ናቸው። አንተ ኮታ ብለህ የፈራኸው ይኸን ነው፤ እኔማ እንዲያውም ላላብኝ።

የኔ ነገር ከሽልማቱ በፊት ነው የሚጀምረው። አዲስ አበባ ኦዲሽን ሄጄ ገና «እንደምን ዋላችሁ» ከማለቴ ዳይሬክተሩ ወደ ረዳቱ ዞሮ «ዘበኛው ተገኘ» አለ። አረንጓዴ ቁምጣና ዱላ ሰጡኝ። ንግግሬ በሙሉ «አቤት ጌታዬ» ነበር፤ እሷንም «ጎጃምኛ አድርጋት» ተባልኩ። ጎጃምኛውን እኮ ከቤቴ ይዤው ነው የሄድኩት! የፈለጉት ግን የሚያስቀውን፣ የነሱን ጎጃምኛ ነው። አያቴ ቅኔ መምህር ነበሩ፤ በዚሁ አነጋገር የስንቱን ተማሪ ቅኔ ሲያርሙ ሰምቼ አድጌያለሁ። እንደሳቸው ያለ ጎጃሜ እስካሁን በእጄ በገባ ስክሪፕት ውስጥ አልገጠመኝም። ዘበኛውን ግን አራት ጊዜ ተጫውቼዋለሁ።

ስለዚህ የአሜሪካዊቷን ተዋናይ የሃቲ ማክዳንኤልን ታሪክ ሳነብ ባዕድ አልሆነብኝም። በ1940 ኦስካር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር እሷ ናት፤ የተሸለመችው የቤት ሠራተኛ ሆና በመጫወቷ ነው። ዝግጅቱ የተካሄደበት የሎስ አንጀለስ ሆቴል ጥቁር አያስተናግድም ነበርና በልመና አስገብተው፣ ከፊልሙ ባልደረቦቿ ለይተው፣ ግድግዳ ጥግ ባለ ጠረጴዛ አስቀመጧት። ከዚያ በኋላ አንዲት ጥቁር ሴት በመሪ ተዋናይነት እስክታሸንፍ፣ እስከ ሃሊ ቤሪ ማለት ነው፣ 62 ዓመት ሄደ። «በችሎታ ብቻ» የምትለኝ ከሆነ፣ በነዚያ 62 ዓመታት ችሎታ ያላት አልተወለደችም ልትለኝ ነው?

ማን ድምፅ ይሰጣል የሚለውም አለ። በ2012 ሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ አጣርቶ እንደጻፈው፣ ኦስካርን ከሚሰጠው ማኅበር፣ ከአካዳሚው መራጮች 94 በመቶ ያህሉ ነጮች፣ 77 በመቶው ወንዶች ነበሩ። በ2015ም በ2016ም በአራቱ የትወና ዘርፎች የታጩት 20ዎቹም ነጮች ሆኑ። ጩኸቱ የመጣው ያን ጊዜ ነው፤ አካዳሚውም ከዚያ በኋላ ነው ሴቶችንና ሌሎች ዘሮችን በብዛት አባል ማድረግ የጀመረው።

ተንኮል ነው አልልህም። እኔ ራሴ ያለ ተንኮል አድርጌዋለሁና።

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የተማሪዎች አጭር ፊልም ውድድር ከአምስቱ ዳኞች አንዱ ነበርኩ። አምስታችንም ወንዶች፣ አምስታችንም የከተማ ኑሮ የለመድን። አንዲት ልጅ የ12 ደቂቃ ፊልም አቀረበች፦ አንዲት ሴት ሌሊት ስልኳ ይጠራል፣ ታነሳለች፣ የደዋዩ ድምፅ አይሰማም፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው አረቄ ስታወጣ ነው የምናየው። እሳት፣ መቃ፣ ጠብታ። አንዱ ዳኛ አዛጋ። እኔ ወረቀቴ ላይ «ታሪክ የለውም» ብዬ ጻፍኩ፤ አራቱም ተስማሙልኝ። በአምስት ደቂቃ ጣልናት።

ለፋሲካ ቤተሰብ ጋ ስወርድ ፊልሙ ስልኬ ላይ ነበረና ለእናቴ ከፈትኩላት። እናቴ እኛን ያሳደገችን አረቄ እያወጣች ነው፤ ይኸንን ዳኛ ሆኜ ስቀመጥ አላስታወስኩትም። አራተኛው ደቂቃ ላይ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችና «ኧረ ውሃው ሞቀ! ለምን አትቀይረውም?» አለች። ቀጥላም «ኧረ እሳቱም በዛባት፣ አረቄው እኮ ሊበላሽ ነው» አለች። ዝም ብላ ቆየችና ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

«ይቺ ልጅ መርዶ ነው የነገሯት።»