ጃንጥላው ቁም ሳጥን ላይ ነው

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ ነው። ባለቤቴ ሁለት ዓመት በኩላሊት ታመመብኝ። «ከዳነልኝ ጃንጥላ አገባለሁ» ብዬ ለቁልቢ ገብርኤል ተሳልኩ። ጃንጥላውንም ቀድሜ ገዛሁት። ግንቦት ላይ አረፈ። ለቅሶ ላይ አንዲት እናት «በሙሉ ልብሽ አልተሳልሽ ይሆናል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ስደርስ እግሬ ይከብደኛል። ጃንጥላው በላስቲክ እንደተጠቀለለ ቁም ሳጥን ላይ ነው። ባየሁት ቁጥር እናደዳለሁ፤ መናደዴ ደግሞ ያስፈራኛል። እምነቴ ጎድሎ ነው? ስለቱስ ዕዳ ሆኖብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ስለ ፍትሐቱና ስለ ተዝካሩ አልነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ።

ከዕዳው ልጀምር። «ከዳነልኝ» ብለሽ ነው የተሳልሽው። ስለዚህ ዕዳ የለብሽም። ደብተር ይዞ የሚያሳድድሽ መልአክ የለም። ለማንኛውም ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ልብሽ ያርፋል።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላው ነው። «በሙሉ ልብሽ አልተሳልሽ ይሆናል» የሚለው ነገር። ይህን ስንት ለቅሶ ቤት እንደሰማሁት! እምነትን እንደ ዋጋ መቁጠር ነው፤ ሞላ አድርጎ የከፈለ ይወስዳል፣ የጎደለበት ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህ የመጋላ ገበያ ሕግ ነው እንጂ የክርስቶስ ወንጌል አይደለም።

ቁልቢ የምንወጣው መቼ ነው? ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19። ሕዝቡ ያን ሁሉ ዳገት፣ አንዳንዱም ድንጋይ ተሸክሞ ይወጣል። ግን የበዓሉን ታሪክ ልብ ብለን ሰምተነዋል? ታኅሣሥ 19 ሠለስቱ ደቂቅ፣ ሦስቱ ወጣቶች፣ በገብርኤል ከእሳት የዳኑበት ነው። እነሱ ለንጉሡ ምን አሉት? አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ። ቀጥለው ግን «እርሱ ባያድነን» እንኳ ለምስልህ አንሰግድም አሉት (ዳን. 3፥17-18)። እሳቱ ገና እየነደደ፣ መልአኩም ሳይወርድ። እምነታቸው ያለው እዚያች «ባያድነን» ውስጥ ነው። እኛ መውጣታቸውን ብቻ እንተርካለን፤ እሷን ቃል እንዘላታለን።

ሐምሌ 19ንም እዪው። ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ከፈላው ውኃ በገብርኤል ዳኑ። እልል እንላለን፤ ደግም እናደርጋለን። ግን ያው ቂርቆስ በኋላ በሰማዕትነት አለፈ። ጥር 15 የምናከብረው እሱን ነው። ከጋኑ ያወጣው መልአክ ከሰይፉ አላስመለጠውም። ታዲያ ኢየሉጣ በመካከሉ እምነቷ ጎድሎ ነው? ማንም ደፍሮ አይልም። ለአንቺ ሲሆን ግን ምላሳችን ይፈጥናል።

የ1998ቱን ጎርፍ ታስታውሺ ይሆናል። የደቻቱ ወንዝ፣ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ የምናውቀው፣ በሐምሌ መጨረሻ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። የቁልቢ ንግሥ ካለፈ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላውም ነበር። ከሞቱት መካከል ስለቱን አድርሶ የተመለሰ አልነበረም ትያለሽ? የዳነው ሁሉስ ከእነሱ ይልቅ ጻድቅ ነው? እኔ እንዲህ የሚል ሰባኪ ባገኝ ዝም አልለውም።

ያን ያሉሽን እናት ግን አትቀየሚያቸው። ደንግጠው ነው። ሰው ሐዘን ፊት ሲቀመጥ ዝምታው ይጨንቀዋል፤ የሆነ ምክንያት ይፈልጋል። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት አብረውት ዝም ብለው መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ጥሩ ለቅሶኞች ነበሩ። የተበላሸው አፋቸውን የከፈቱ ዕለት ነው።

ስለ ንዴትሽ፦ መናደድሽ ከእግዚአብሔር ጋር ገና እየተነጋገርሽ ነው ማለት ነው። ፊቱን ያዞረ ሰው አይናደድም፣ ይረሳል። ዳዊት ቤትሽ አለ አይደል? መዝሙር 12ን አውጪ። አጭር ናት። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብላ ነው የምትጀምረው። ይህን ጸሎት ብላ የሰጠችን ራሷ ቤተ ክርስቲያን ናት። ማታ ሙቀቱ ሲበርድ በረንዳ ላይ ተቀምጠሽ ድምፅ አውጥተሽ አንብቢያት። መጨረሻዋ ላይ ምስጋና አለ፤ እዚያ ስትደርሺ ካቃተሽ «እስከ መቼ» የሚለው ላይ ቁሚ። ለዛሬ ይበቃል።

እሑድ ቅዳሴ ሂጂ። ወደ ውስጥ መግባት ከከበደሽ ዐፀዱ ውስጥ ዛፍ ሥር ቁሚ። እንባሽ ከመጣ አትመልሺው።

ጃንጥላውን ቶሎ ውሰጂው አልልሽም። አንድ ቀን በደንገጎ በኩል ቁልቢ ብትወጪ፣ ለክፍያ ሳይሆን ለባለቤትሽ መታሰቢያ ብለሽ ታገቢዋለሽ። እስከዚያው እዚያው ቁም ሳጥኑ ላይ ይቀመጥ። ላስቲኩን ግን ክፈችለት፤ በድሬ ሙቀት ጨርቁ ይታፈናል።