የልጆቻችን ውሎ፦ ስለ መዋዕለ ሕፃናት ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በነሐሴ ወር የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች በአብዛኛው «የትኛው ይሻላል?» የሚሉ ናቸው። ጥቅምት ሲጋመስ ግን ልጁ ገብቷል፣ የምዝገባውና የመጀመሪያው ተርም ክፍያም ተከፍሏል፤ ጥያቄውም «ልጃችን እዚያ ደህና ይውላል ወይ?» ወደሚለው ይዞራል። ሰሞኑን ከደረሱኝ መካከል ሰባቱን እዚህ መልሻለሁ። የጠያቂዎቹን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሦስት ዓመት ተኩል የሆናትን ልጄን ለማዛወር ሁለት መዋዕለ ሕፃናት አይቻለሁ። አንደኛው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነው፤ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ በየክፍሉም ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ሁለተኛው በድሮ ቪላ ቤት ውስጥ ያለ ነው፤ ግቢው ሰፊ ነው፣ መምህራኑ ግን የሚያወሩት በአማርኛ ነው። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ወዶታል። ምን አይቼ ልወስን? (እናት፣ ከጀሞ)

መልስ፦ በቅድሚያ እኔም ልጠይቅዎ፦ ሁለቱን ቦታዎች ያዩዋቸው በስንት ሰዓት ነው? አብዛኛው ወላጅ የሚጎበኘው ርእሰ መምህሯ በቀጠሩት ሰዓት፣ ልጆቹ በተርታ ተቀምጠው መዝሙር ሲያሰሙ ነው። እርስዎ ግን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጥቂት ቀደም ብለው፣ እጅ በሚታጠብበትና ምሳ ዕቃ በሚከፈትበት ጊዜ ይሂዱና በር ላይ አሥር ደቂቃ ይቁሙ። በዚያ ሰዓት ማንም አስመስሎ መቆየት አይችልም።

የሚያዩት ነገር ምን እንደሚመስል በምሳሌ ላሳይዎ። አንድ ልጅ የውኃ ኮዳውን ወለል ላይ ሲደፋ በሁለት የተለያዩ ክፍሎች ተመልክቻለሁ። በአንደኛው መምህሯ ከሰሌዳው ሳትርቅ «ማነው ያፈሰሰው?» አለች፤ ሠላሳ ጣት በአንድ ጊዜ ወደ ልጁ ተቀሰረ፤ ልጁም እስከ መውጫ ሰዓት ድረስ አንገቱን አላቀናም። በሌላኛው መምህሯ ጨርቅ ይዛ መጥታ ከልጁ አጠገብ ቁጢጥ አለችና «ውኃው ወዴት ወዴት ሄደ? እንከተለው እስቲ» አለችው። ልጁ ውኃውን ተከትሎ ጠረጴዛ ሥር ገባ፤ ሁለት ጓደኞቹም ተከተሉት። «ወደዚህ ብቻ ነው የሚሄደው» አለ አንዱ። «ለምን ይመስልሃል?» አለችው። ወለሉ ወደ በሩ ያዘነበለ መሆኑን ልጆቹ በራሳቸው ደረሱበት። ስለ ጥሩ እንክብካቤና ስለ ጥሩ ትምህርት ስንናገር ሁለቱን ለያይተን የምናይ ስንቶቻችን ነን? በዚያች ክፍል ግን በአንድ ጨርቅ ሁለቱም ተፈጽመዋል።

ከዚያ በኋላ መጸዳጃ ቤቱን ይዩ። ከክፍሉ ምን ያህል ይርቃል? ልጅዎ ያለ ሰው ድጋፍ መቀመጥ ትችላለች? ውኃና ሳሙና ቁመቷ በሚደርስበት ቦታ አለ? አብራት የምትሄደው ሞግዚት ማን ናት? ቀጥሎም ባለፈው ዓመት ስንት መምህራን ሥራ እንደ ለቀቁ ይጠይቁ። መምህር በየሦስት ወሩ የሚቀያየርበት ቤት፣ ሕንፃው ያማረ ቢሆንም፣ ልጅ የሚለምደው ሰው የሌለበት ቤት ነው።

ፎቁን በተመለከተ፣ የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ፣ በስክሪን ፊት ተቀምጠው የሚያሳልፉት ጊዜም ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። አራት ፎቅ ላይ ያሉ ልጆች የት እንደሚሮጡና ቴሌቪዥኑ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ይጠይቁ። እንግሊዝኛውን በተመለከተ ደግሞ፣ የሦስት ዓመት ልጅ «ሆዴን አመመኝ» ወይም «ሽንቴ መጣ» ለማለት የሚያስችላት ቋንቋ በማይሰማበት ክፍል ውስጥ ዝም ብላ ትውላለች፤ ወላጅም ይህንን ዝምታ «ጨዋ ሆነችልኝ» ብሎ ይተረጉመዋል። መጸዳጃ ቤቱና የግቢው በር አጠባበቅ ካረኩዎ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ለባለቤትዎም ይህንኑ ይንገሩልኝ።

ጥያቄ፦ ልጄ አራት ዓመቷ ነው፤ ኤልኬጂ (የመዋዕለ ሕፃናቱ መካከለኛ ክፍል) ናት። በየቀኑ የእንግሊዝኛና የአማርኛ ፊደል ሁለት ሁለት ገጽ እንድትጽፍ ይሰጣታል። ማታ ማታ እያለቀሰች ነው የምትጽፈው። መምህሯን ሳነጋግራት «የቤት ሥራ ካልሰጠን ሌሎቹ ወላጆች ይቆጡናል» አለችኝ። (አባት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መምህሯ እውነቷን ነው፤ በዚህ ጉዳይ ከጥፋተኞቹ መካከል እኛ ወላጆችም አለን።

ልጅ በሦስት ዓመቱ ገደማ ክብ ይስላል፤ በአራት ዓመቱ መስቀልና፣ ጥቂት ቆይቶ፣ አራት ማዕዘን ይሆንለታል፤ ሦስት ማዕዘን አስተካክሎ ለመሣል አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ይሞላዋል። የእኛ ፊደል ደግሞ 33 ዘሮች በሰባት በሰባት ቅርጽ እየተለዋወጡ 231 የሚሆኑበት ነው። ሦስት ማዕዘን ገና ያልተቻላት ልጅ «ጨ»ንና «ጬ»ን ለይታ በመስመር ላይ እንድታሰፍር ማስገደድ ፊደል ማስተማር ሳይሆን ፊደል ማስጠላት ነው። የጣቶቿ ጡንቻም አልጠነከረም፤ እርሳሱን በጡጫዋ ጨብጣ የምትይዘው ለዚህ ነው።

የጥንቱ የቄስ ትምህርት ቤት እንኳ በዚህ ረገድ ይሻል ነበር። ሕፃኑ ስንደዶ ወይም ስንጥር ይዞ የፊደል ገበታውን እየጠቆመ «ሀ ሁ» ይላል፤ ወደ አቡጊዳ፣ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት የሚሻገረው በንባብ ነበር፤ ጽሕፈት ግን ራሱን የቻለ፣ ቆይቶ የሚለመድ ሙያ ነበር። አለንጋውን ይመልሱልን እያልሁ አይደለም። ማየትና ማወቅ ከመጻፍ እንደሚቀድሙ ግን አያቶቻችን ያውቁ ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። ቀድሞ በምሠራበት ቤት የወላጆች ቀን ሲቃረብ መምህራን በልጆቹ ደብተር ላይ ፊደሉን በነጠብጣብ እንጽፍ ነበር፤ ልጁ ነጠብጣቡን ያገናኛል፤ ወላጁ ደብተሩን ገልጦ ይደነቃል። ይህን ያደረግሁባቸውን ደብተሮች ቁጥር አላስታውስም፤ ላጲስ ደጋግሞ የበሳው የአንድ ልጅ ገጽ ግን እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

ሦስት ወይም አራት ወላጆችን ይዘው መምህሯን አብረው ያነጋግሯት፤ ከአንድ አባት ይልቅ አራት ወላጆች «ይቅርልን» ሲሉ ለርእሰ መምህሩ ለማስረዳት ይቀላታል። ማታ ደግሞ ልጅዎ ምስር ትልቀም፣ የቆሎ ገብሱን ከሽምብራው ትለይ፣ ከሊጡ ቁራሽ ተሰጥቷት ታድቦልቡል። ይህ ሁሉ ጣት የሚያጠነክር የቤት ሥራ ነው፤ ልቅሶም የለበትም።

ጥያቄ፦ የአምስት ዓመቱ ወንድ ልጄ ሲረብሽ መምህሩ እንደሚያንበረክከው ነገረኝ። ባለቤቴ «እኛም ተንበርክከን ነው ያደግነው» ይላል። (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ስለዚህ ጉዳዩ የመምህሩና የእርስዎ የአስተዳደግ ልዩነት አይደለም። በመጀመሪያ መምህሩን ለብቻው፣ ልጁ በሌለበት ያነጋግሩት፤ ብዙ መምህራን የሚያንበረክኩት ክፋት ኖሯቸው ሳይሆን ሌላ ዘዴ ያሳያቸው ስላልነበረ ነው። ካልተስተካከለ ለርእሰ መምህሩ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የደረሰበትን ቀንና ልጁ በራሱ ቃል የተናገረውን ይጻፉ፤ ከዚያም ወደ ወላጅ መምህር ኅብረቱና ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ለባለቤትዎ የምመልሰው አንድ ብቻ ነው፦ ተንበርክከን ያደግነው ሰዎች ያንበረከከንን መምህር ስም ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ያን ዕለት የተማርነውን ትምህርት ግን የሚያስታውስ አላጋጠመኝም።

ጥያቄ፦ በመንግሥት ትምህርት ቤት የዜሮ ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው) መምህርት ነኝ። 58 ልጆች አሉኝ፤ ረዳት የለኝም፤ ከሰሌዳና ከጠመኔ በቀር መሣሪያም የለኝም። ስለ ጥራት የሚጻፈውን ሳነብ የሚያፌዙብኝ ይመስለኛል። (መምህርት፣ ከሰሜን ሸዋ)

መልስ፦ ቅሬታዎ ተገቢ ነው። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የቀዳማይ ልጅነት የፖሊሲ ማዕቀፍ ካወጡ ወዲህ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ የተከፈቱት የዜሮ ክፍሎች እጅግ ብዙ ልጆችን ተቀብለዋል፤ በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ለቅድመ አንደኛ ደረጃ ሁለት ዓመት መድቧል። በሩ ሰፊ ተከፈተ፤ ለሰፊው በር የሚመጥን መምህር፣ ምንጣፍና መጫወቻ ግን በዚያው ፍጥነት አልመጣም። የእርስዎን ጉድለት በትጋት ብቻ ሙሉት ማለት ግፍ ነው፤ ረዳት እንዲመደብልዎ በጽሑፍ መጠየቅዎን አያቁሙ።

እስከዚያው ድረስ 58ቱን በአንድ ድምፅ ማስጮህ ቀላሉ መንገድ ነው፤ ደካማውም መንገድ እርሱ ነው። በሕዝብ መካከል ተደብቆ አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሳይታወቅ ያልፋል። ልጆቹን በአራት ቡድን ይክፈሏቸው። አንዱ ቡድን ከእርስዎ ጋር ይቀመጥ፤ ሌላው ዛፍ ጥላ ሥር በጭቃ ይሥራ፤ ሦስተኛው በቆርኪና በጠጠር ይቁጠር፤ አራተኛው ሰኞ ማክሰኞ ይዝለል። በየሃያ ደቂቃው ይቀያየሩ። ለሦስቱ ቡድኖች ጠባቂ ከየት ይምጣ ቢሉኝ፣ ከልጅ ለልጅ በሚባለው አሠራር የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን እንዲያጫውቱ ተደርጓልና ርእሰ መምህርዎን በሳምንት ለሁለት ቀን ይጠይቋቸው። እናቶችም በየተራ ይመጣሉ፤ ቡና አፍልተው እንዲያመሰግኗቸው ብቻ ነው የሚጠብቁት።

ከሁሉ በላይ ግን በየቀኑ ለስድስት ልጆች ብቻ በስማቸው ጠርተው አንድ አንድ እውነተኛ ጥያቄ ይጠይቁ፤ «ትናንት ከብት ማን አገደ?» ዓይነት፣ መልሱን እርስዎም የማያውቁትን ጥያቄ። በአሥር የትምህርት ቀን ውስጥ ሁሉም ይደርሳቸዋል። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» የሚለው ጨዋታም ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ ማሰብን፣ መጠበቅንና ቃላትን ያስተምራል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የአራት ዓመት ልጃችን ክፍል ውስጥ ስለማይናገር መምህሯ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ እንድናወራው መከረችን። (ወላጆች)

መልስ፦ ምክሩን በትሕትና ይለፉት። አዲስ ቋንቋ የሚሰማ ልጅ ለተወሰነ ጊዜ ዝም ብሎ መስማቱ የተለመደ ነው፤ በአማርኛ በደንብ የሚያወራ ከሆነ አእምሮው ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። በአማርኛም የማይናገር ወይም ሲጠሩት የማይዞር ከሆነ ግን ሳይዘገዩ መስሚያውንና ንግግሩን ያስመርምሩለት። በአሜሪካ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገቢያቸው አነስተኛ የሆኑ ቤተሰቦችን ልጆች የሚያገለግለው የሄድ ስታርት ፕሮግራም ራሱ በፌዴራል ደንቡ ሁለት ቋንቋ ማወቅን እንደ ጥንካሬ እንዲቆጠር ያዛል፤ ይህንን ለመምህሯ ሊጠቅሱላት ይችላሉ። እንግሊዝኛ ብቻ ከማውራት ይልቅ «ውኃ»፣ «ሽንት ቤት»፣ «አመመኝ»፣ «እማዬ ትመጣለች» የሚሉትን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው ይስጧት። አንዲት መምህርት «እማዬ ትመጣለች» የሚለውን በተሰበረ አማርኛ ስትል ልጁ ከት ብሎ ሲስቅና ከዚያ ወዲያ ሲያወራት አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ጎበዝ ነው፤ ማንበብ ጀምሯል። በአምስት ዓመት ተኩሉ አንደኛ ክፍል ባስገባው ምን ይለዋል? (አባት፣ ከመቀሌ)

መልስ፦ አያስገቡት። የአንደኛ ክፍል መግቢያ ዕድሜ ሰባት ዓመት ነው፤ ማንበቡ በመዋዕለ ሕፃናትም አይጠፋበትም። አርባ ደቂቃ ዴስክ ላይ መቀመጥና ከታላላቆቹ ጋር መጋፋት ግን ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት የማመጣው እኔ ነኝ። «ምን ተማርክ?» ስለው ሁልጊዜ «ምንም» ይለኛል። በከንቱ ነው ወይ የሚከፈልለት? (አያት፣ ከጎንደር)

መልስ፦ እናቴ፣ ልጁ አልዋሸም፤ ጥያቄው ነው የከበደው። «መዋዕለ» የሚለው የግእዝ ቃል እኛ «ዋለ»፣ «ውሎ» ከምንለው ጋር አንድ ሥር አለው፤ ስለዚህ ውሎውን ይጠይቁት። «ምሳ ስትበላ አጠገብህ ማን ነበር? ዛሬ ማን አለቀሰ? መምህርህ ምን አለችው?» ይበሉት። የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ትምህርት ቤቱ ከሪፖርት ካርዱ የበለጠ ይነግርዎታል። መልሱ ሁለት ሦስት ቀን ተደጋግሞ «ዝም በል አለችው» ከሆነ፣ አንድ ቀን ከመውጫው ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ይሂዱና በር ላይ ይቁሙ።