ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ራሱን ካልሳተ ቢቀጥል ምን ችግር አለው?

መልስ፦ አብዛኛው የአንጎል መናወጥ (ኮንከሽን) ራስን አያስትም። በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የጀርመኑ ክሪስቶፍ ክራመር ተመትቶ ከወደቀ በኋላ ተነስቶ ሲሮጥ ቆየ። ዳኛውን «ይሄ የፍጻሜው ጨዋታ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀው፤ የወጣው ግን በ31ኛው ደቂቃ ነው። ስለዚህ ስሙን አትጠይቁት፣ ስሙን ብዙ ጊዜ አይረሳም። «ስንተኛው አጋማሽ ነው? መጨረሻ ማን አገባ? ባለፈው ከማን ጋር ተጫወትን?» በሉት። በትክክል ቢመልስም ከደነዘዘ ወይም ራሱን ካዞረው በዚያ ቀን አይመለስም። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ ቀጥታ ሆስፒታል።

ጥያቄ፦ ሲቲ ስካኑ ምንም አላሳየም። ታዲያ ደህና ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሲቲ የሚፈልገው ደም መፍሰስና ስብራት ነው፤ መናወጥን አያሳይም።

ጥያቄ፦ ቴስታ ሲያረጁ የመርሳት በሽታ ያመጣል የሚባለውስ?

መልስ፦ ጠንካራው መረጃ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የ2019 ጥናት ነው። 7,676 የቀድሞ የስኮትላንድ ተጫዋቾችን ከ23 ሺህ ያህል ሌሎች ሰዎች ጋር ሲያነጻጽር፣ በመርሳትና በመሰል የአንጎል በሽታዎች መሞት በተጫዋቾቹ ላይ ሦስት እጥፍ ተኩል ሆኖ ተገኘ። በልብ በሽታ የሚሞቱት ግን ያነሱ ነበሩ፤ ስፖርቱን አትጥሉት። በ2021 በወጣው ተከታይ ጥናት በረኞች ከተራው ሰው ብዙም አልተለዩም፣ የተከላካዮቹ አደጋ ግን አምስት እጥፍ ገደማ ደረሰ። ጥናቱ ቴስታ አልቆጠረም፤ ቢሆንም ጣቱ ወዴት እንደሚጠቁም ግልጽ ነው።

ጥያቄ፦ መቼ ይመለስ?

መልስ፦ መጀመሪያ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቀለል ያለ እረፍት፤ ስልክና ቴሌቪዥንም ይቀነስ። ከዚያ የእግር ጉዞና ቀላል ሩጫ፣ ብቻውን ከኳስ ጋር፣ ንክኪ የሌለበት ልምምድ፣ ሙሉ ልምምድ፣ ጨዋታ። በየደረጃው ቢያንስ አንድ ቀን። ንክኪ ያለበት ልምምድ ከሐኪም ፈቃድ በፊት አይታሰብም። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ራስ ምታቱን በማስታገሻ አፍነው ያሰልፉታል። ሳይድን ሁለተኛ ምት ካገኘው፣ በተለይ ልጅ ከሆነ፣ አንጎሉ አብጦ ሊሞት ይችላል።

ጥያቄ፦ የጭንቅላት መከላከያ ብገዛለትስ?

መልስ፦ ቁስል ይቀንሳል። አንጎል ራስ ቅል ውስጥ እንዳይናወጥ ግን አያስቆምም።

ጥያቄ፦ የሰፈር ልጆችስ በቴስታ ይለማመዱ?

መልስ፦ አሜሪካ በ2015 10 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉት ከለከለች፤ እንግሊዝ በ2020 እስከ 11 ዓመት ከልምምድ አስወጣችው። ለትልልቆቹም ቴክኒኩን በቀላል ኳስ፣ ከእጅ እየተወረወረ አስተምሯቸው። ኳሱን ጠጠር እስኪል አትንፉ፤ ሕጉ ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ይፈቅዳል፣ ዝቅተኛው ይበቃል።