ሰማዩ ከመሬቱ ይብራ፦ ተፈጥሮውን ያልሳተ የኤችዲአር ፎቶ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የብርሃንና የጨለማ ልዩነቱ ካሜራ በአንድ ጊዜ ከሚይዘው በላይ የሆነን ቦታ በተለያየ ኤክስፖዠር (ወደ ካሜራው በሚገባ የብርሃን መጠን) ደጋግሞ አንስቶ በሶፍትዌር ማዋሃድ ኤችዲአር ይባላል። በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ በዚሁ ጉዳይ ላይ የመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ከገደሉ ጫፍ ላይ ሆኜ በሦስት ኤክስፖዠር አነሳሁት፤ ላይትሩም ክላሲክ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራምም አዋሃድኩት። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ሁሉ ወጥቶ ታየ፤ ፎቶው ግን በቀለም የተሳለ መሰለ። ከሰማዩ ጋር በሚገናኘው የተራራ ጫፍ ላይ ነጭ መስመር አለ፤ ድንጋዩም ብርቱካን ሆነ። ጥፋቱ የቱ ጋ ነው? (ከወልድያ)

መልስ፦ ማዋሃዱ ላይ ጥፋት የለም። ላይትሩም ሦስቱን ፎቶ ሲያዋህድ የሚሰጥዎ ሰፊ የብርሃን መረጃ የያዘ አንድ ዲኤንጂ (ጥሬ ፎቶ) ፋይል ነው፤ የኤክስፖዠር ማንሸራተቻው ከ−10 እስከ +10 የሚሄደውም ለዚህ ነው። መልኩ የሚበላሸው ከዚያ በኋላ ማንሸራተቻዎቹን ስንጎትት ነው።

የኤችዲአር ፎቶ ሐሰተኛ የሚመስለው የብርሃኑ ቅደም ተከተል ሲፈርስ ነው። ቦታው ላይ ቆመው ሲያዩ ከሁሉ የሚበራው ሰማዩ ነው። ቀጥሎ ፀሐይ ያረፈበት የጣሪያው መስቀል ይመጣል፤ ከዚያ የገደሉ ግድግዳ፣ በመጨረሻም የጉድጓዱ ወለል። ሃይላይትን (ብርሃናማውን ክፍል) −100፣ ሻዶውን (ጥላውን) +100 ሲያደርጉ አራቱም ተሰብስበው አንድ መካከለኛ ብርሃን ላይ ይቆማሉ። ተመልካቹ የፎቶግራፍ ትምህርት ባይኖረውም ዓይኑ ይህን ቅደም ተከተል ከልጅነቱ ያውቀዋልና አንድ ነገር እንደተነካካ ወዲያው ይገባዋል።

ነጩ መስመርም ከዚሁ ይመጣል። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ነጥብ ምን ያህል ማብራት ወይም ማጨለም እንዳለበት የሚወስነው በዙሪያው ካሉት ነጥቦች ጋር አነጻጽሮ ነው። ከተራራው ጫፍ አጠገብ ያለው የሰማይ ክፍል ጎረቤቱ ጨለማ ስለሆነ ከቀሪው ሰማይ ያነሰ ይጨልማል፤ በዚህም ጫፉን ተከትሎ ብርሃናማ ጠርዝ ይሠራል። ክላሪቲ (ንፅፅር ማጉያው) እና ዲሄዝ (ጭጋግ መግፈፊያው) ሲጨመሩበት ይብሳል።

ስለዚህ ከማዋሃጃው መስኮት ጀምረው እንደገና ይሥሩት። ‹ኦቶ ሴቲንግስ› የሚለውን ያጥፉ፤ ይህ ምርጫ ሻዶውን አብዝቶ ከፍቶ ነው የሚያስረክብዎ። ከተዋሃደ በኋላ ኤክስፖዠርን ብቻ ነክተው ፀሐይ ያረፈበትን ጣሪያ ትክክል ያድርጉት። ቀጥሎ ሃይላይትን ከ−30 እስከ −50፣ ሻዶውን ከ+20 እስከ +40 ባለው ውስጥ ያቁሙ። አሁን ፎቶው ትንሽ የደበዘዘ ይመስላል፤ ይህን በክላሪቲ ለማዳን አይቸኩሉ። ብላክን (በጣም ጨለማውን ክፍል) ከ−10 እስከ −20 ዝቅ ያድርጉና በጉድጓዱ ጥጋ ጥግ እውነተኛ ጥቁር እንዲመለስ ያድርጉ። ብዙ ሰው የሚዘላት እርምጃ ይህቺ ናት፤ በእኛ እምነት ግን ተፈጥሯዊውን ፎቶ ከሌላው የምትለየው እሷ ናት። ጥቁር የሌለበት ጥላ ጭስ ይመስላል። ክላሪቲ ከ+10 አይለፍ፤ ዲሄዝ ዜሮ ላይ ይቆይ። ሰማዩ አሁንም ከነጣ በሰማይ ማስክ (አንድን ክፍል ለይቶ በሚመርጠው መሣሪያ) ብቻውን መርጠው ኤክስፖዠሩን ከ−0.3 እስከ −0.5 ይቀንሱ፤ የማስኩንም ጠርዝ ፎቶውን ወደ 100 ከመቶ አጉልተው ይመርምሩ።

የድንጋዩ ቀለም ጉዳይ ከዋይት ባላንስ (የቀለሙን ሙቀትና ቅዝቃዜ ከሚወስነው ማስተካከያ) ይጀምራል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ጥላ ብርሃን የሚያገኘው ከሰማዩ ስለሆነ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ይህን ለማስተካከል መላውን ፎቶ ሲያሞቁት ፀሐይ ላይ ያለው ጣሪያ ብርቱካን ይሆናል። ዋይት ባላንሱን ፀሐይ ላለበት ክፍል፣ ከ5200 እስከ 5500 ኬልቪን አካባቢ ያቁሙ። ለጉድጓዱ ለብቻው ማስክ ሠርተው ጥቂት ሙቀት ይጨምሩለት፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያሙቁት፤ ጥላ ቀዝቃዛ መሆኑ ተፈጥሮው ነው። ከዚያ በከለር ሚክሰር የብርቱካንን ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) ከ−10 እስከ −20 ይቀንሱ። የድንጋዩ ቅላትና በላዩ ያበቀለው ቢጫ የድንጋይ ሽበት (ላይከን) እንዳይቀላቀሉ፣ ሁለቱ ተለይተው መታየታቸውን ይጠብቁ። የዚያ ቤተ ክርስቲያን ውበት እዚያ ላይ ነው።

ሲጨርሱ ቪ (V) የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ፎቶውን ለጊዜው ጥቁርና ነጭ ያድርጉት። ቀለሙ ሲጠፋ ሰማዩና የጉድጓዱ ወለል እኩል ግራጫ ሆነው ከታዩ ሻዶውን አብዝተውታል።

ጥያቄ፦ የአንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን የውስጥ ሥዕሎችን እንዳነሳ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ በሩ ግን ክፍት ስለሚሆን በጣም ያበራል። ስንት ፎቶ ላንሳ? በምን ያህል ልዩነት? (ከጎንደር)

መልስ፦ ቁጥሩን ቦታው ይነግርዎታል። ካሜራውን ማኑዋል ላይ አድርገው አይኤስኦ (ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱን ቀዳዳ) ኤፍ 8 ያድርጉ። በስፖት ሚተሪንግ (የአንድን ትንሽ ቦታ ብርሃን ብቻ በሚለካው ስልት) መጀመሪያ የበሩን ብርሃን፣ ቀጥሎ ሥዕል ያለበትን በጣም ጨለማ ጥግ ይለኩ። በሩ 1/250 ሰከንድ፣ ጥጉ 1 ሰከንድ ካሳየ በመካከላቸው 8 ስቶፕ አለ ማለት ነው፤ አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው። በሁለት ሁለት ስቶፕ ልዩነት 1/250፣ 1/60፣ 1/15፣ 1/4 እና 1 ሰከንድ፣ አምስት ፎቶ ይበቃዎታል። በአንድ ስቶፕ ልዩነት ዘጠኝ ማንሳት ሥራ ከማብዛት በቀር ብዙ የሚጨምርልዎ ነገር የለም፤ ጊዜው በረዘመ ቁጥር ደግሞ አንድ ሰው ያልፋል ወይም መጋረጃ ይነቃነቃል።

የሚቀየረው የሻተር ፍጥነት ብቻ ይሁን። አፐርቸር ከተቀየረ የጥራት ጥልቀቱ (ከፊት እስከ ኋላ ጠርቶ የሚታየው ርቀት) ከፎቶ ወደ ፎቶ ይለያያል፤ ሲዋሃድም ጠርዞች ይደበዝዛሉ። ፎከሱን አንዴ አስተካክለው ወደ ማኑዋል ያዙሩት፤ ዋይት ባላንሱንም ይቆልፉ። በትራይፖድ ላይ ሲሆኑ የሌንሱን ማረጋጊያ ያጥፉ፤ በአንዳንድ ሌንሶች ላይ ካሜራው ሳይነቃነቅ ራሱ ንዝረት ይፈጥራል። የ2 ሰከንድ ታይመር ይጠቀሙ፤ ፋይሉም ሮው (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፋይል) ይሁን። ፍላሽ ለጥንታዊ ሥዕል አይገባም፤ ግድግዳውንም ጠፍጣፋ ያደርገዋል።

ኤዲት ሲያደርጉ በሩ ነጭ ሆኖ ቢቀር አይጨነቁ። ከጨለማ ቤት ወደ ውጭ ሲያዩ ዓይንም የሚያየው ይህንኑ ነው። የበሩ ፍሬም ቅርጹን ካልጣለ በቂ ነው።

ጥያቄ፦ ጣና ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ያነሳሁት ፎቶ ሲዋሃድ አንዱ ታንኳ ሦስት ሆነ፤ ውኃውም ተቆራርጦ ተለጣጠፈ። ዲጎስት ‹ሃይ› ላይ ሳደርገው ታንኳው አንድ ሆነ፣ ግን በዙሪያው ሻካራ ነጠብጣብ መጣ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ዲጎስት የሚሠራው የተንቀሳቀሰውን ቦታ ለይቶ፣ ለዚያ ቦታ ከሦስቱ ፎቶዎች የአንዱን ብቻ በመውሰድ ነው። የተወሰደው ጨለማው ፎቶ ከሆነ እሱን ማብራት ስለሚያስፈልግ ኖይዝ (ያዩት ሻካራ ነጠብጣብ) ይወጣል። ‹ሃይ› ብዙ ቦታ ስለሚመርጥ ችግሩን ያሰፋዋል። ከ‹ሎው› ጀምረው፣ ዲጎስት የመረጠውን ቦታ በቀለም የሚያሳየውን ኦቨርሌይ አብርተው ይመልከቱ። ታንኳው ብቻ ከተሸፈነ ይበቃል።

ለውኃ ግን ዲጎስት ደካማ መፍትሔ ነው፤ ሞገድ ሁሉም ቦታ ይንቀሳቀሳልና። የተሻለው መንገድ የተዋሃደውን ፎቶና ከሦስቱ መካከለኛውን በፎቶሾፕ እንደ ሌየር ደራርቦ መክፈት ነው። መካከለኛውን ከላይ ያድርጉ፤ ጥቁር (ሁሉን የሚደብቅ) ማስክ ይስጡትና ውኃውንና ታንኳውን ብቻ በለስላሳ ነጭ ብሩሽ ያውጡ። በዚህ መንገድ ሰማዩ ከተዋሃደው፣ ውኃው ከአንዱ ፎቶ ይመጣል። ውኃው ውስጥ ያለው የሰማይ ነጸብራቅ ከራሱ ከሰማዩ እንዳይበራ ብቻ ይጠንቀቁ፤ በኤችዲአር ፎቶዎች ላይ በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

ለሚቀጥለው ጊዜ ካሜራው ላይ ኤኢቢን (ኤክስፖዠሩን በራሱ እየቀያየረ የሚያነሳውን ስልት) ከፈጣኑ ተከታታይ ማንሻ ጋር አብረው ያብሩ። መካከለኛው ፎቶ 1/250 ከሆነ ሦስቱም ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይነሳሉ፤ ታንኳም በዚያ ጊዜ ብዙ አይርቅም። በአዳዲስ ካሜራዎች በአይኤስኦ 100 የተነሳ አንድ ሮው ፋይል ደግሞ ጥላውን እስከ 3 ስቶፕ ማንሳት ይችላል። ለሰማዩ ተመጥኖ የተነሳ አንድ ፎቶ ከበቃዎት ማዋሃዱን ይተዉት።

ጥያቄ፦ ለአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት የውስጥ ፎቶ አነሳሁ። መስኮቶቹ በደንብ ታዩ፣ ግን ሰማያዊ ሆኑ፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፖስተርም መሰሉ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ የውስጡ አምፖል ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን፣ የውጩ የቀን ብርሃን 5500 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ፎቶውን ለአምፖሉ ሲያስተካክሉት ውጩ ሰማያዊ ከመሆን በቀር ምርጫ የለውም። ለመላው ፎቶ ከ3400 እስከ 3800 ባለው ያስታርቁ፤ ውስጡ ትንሽ ሞቅ ብሎ ይቅር፤ የምግብ ቤት ባሕርይ ነው። ከዚያ መስኮቶቹን በማስክ መርጠው ሙቀቱን ይጨምሩ፣ የሰማያዊውን ሳቹሬሽን ይቀንሱ።

ፖስተር የሚያስመስለው ግን ቀለሙ ብቻ አይደለም፤ ውጩ ከውስጡ ጋር እኩል መብራቱ ነው። መስኮቱ ከውስጡ ቢያንስ ከ1 እስከ 1.5 ስቶፕ ይብራ። በፎቶሾፕ የሚሠሩ ከሆነ ለመስኮቱ የተነሳውን ጨለማ ፎቶ ከላይ አድርገው ኦፓሲቲውን (የታችኛውን የሚሸፍንበትን መጠን) ከ50 እስከ 60 ከመቶ ያቁሙት። በመስኮቱ ፍሬም ላይ የሚፈሰውን ቀጭን ብርሃን ሁሉ አይጥረጉት፤ እሱ ሲጠፋ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ይጠፋል። ባለቤቱ ከፈቀደ ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ሰማዩ ገና ሳይጨልም ያንሱ። በዚያ ሰዓት የውስጡና የውጩ ብርሃን ስለሚቀራረብ ከሁለት ፎቶ በላይ ላያስፈልግዎ ይችላል።

ጥያቄ፦ በስልኬ ያነሳኋቸውን የሰርግ ፎቶዎች በስናፕሲድ መተግበሪያ ‹ኤችዲአር ስኬፕ› በሚለው ማጣሪያ ሳሠራቸው የሙሽሮቹ ፊት አመድ መሰለ። ለምን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ኤችዲአር ስኬፕ ፎቶ አያዋህድም። አንዱን ፎቶ ወስዶ ጥላውን ያነሳል፣ በየቦታው ያለውንም ንፅፅር ያጎላል። ስልክዎ ደግሞ ሲያነሳ ራሱ ብዙ ፎቶ አዋህዶ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኞቹ የዛሬ ስልኮች እንዲህ ያደርጋሉ። እንግዲህ ፊቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተሠርቷል ማለት ነው።

የጠይም ፊት ውበቱ ከጉንጭ በታችና ከአገጭ ሥር ባለው ጥላ ላይ ነው። ጥላው ሲነሳ ቡናማው ቀለም ይሳሳና ግራጫ ይሆናል፤ ንፅፅሩ ሲጎላ ደግሞ የቆዳው ቀዳዳ ሁሉ ይታያል። ስለዚህ ሰው ባለበት ፎቶ ላይ በ‹ቲውን ኢሜጅ› ይጀምሩ፤ ሻዶውን ከ+15 እስከ +20፣ አምቢያንስን ከ+10 ሳያልፉ ይጨምሩ። አዳራሹን ወይም ሜዳውን በኤችዲአር ስኬፕ ማውጣት የግድ ካስፈለገ ‹ፒፕል› የሚለውን ስልት መርጠው ጉልበቱን ወደ 20 ዝቅ ያድርጉት። ከዚያ የኤዲት ዝርዝሩን ከፍተው በብሩሹ ውጤቱን ዳራው ላይ ብቻ ይቀቡ፤ ፊትና እጅ ላይ አይድረስ። ነጭ ጥለትና ቬሎም ይጠንቀቁላቸው፤ ነጩ ግራጫ ሲሆን ሰርጉ ሁሉ የተቆሸሸ ይመስላል።

ጥያቄ፦ በላይትሩም ዴቨሎፕ ውስጥ ያለው ‹ኤችዲአር› የሚለው ቁልፍና ‹ፎቶ መርጅ› ውስጥ ያለው ኤችዲአር አንድ ናቸው? (ከዱባይ)

መልስ፦ አይደሉም። ፎቶ መርጅ ብዙ ፎቶ ያዋህዳል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በወጣው እትም የመጣው ቁልፍ ግን ከተለመደው ነጭ በላይ ማብራት ለሚችሉ ስክሪኖች የሚሠራ ነው። እንዲህ ያለ ስክሪን ከሌለዎ አይንኩት። ደንበኛዎ ፎቶውን በምን እንደሚያየው ካላወቁም ያጥፉት፤ እርስዎ ያዩት ድምቀት ለእሱ ላይታይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ወርሃዊ ክፍያ የሌለው ምን ሶፍትዌር አለ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ተፈጥሯዊ ለሆነ ውጤት መጀመሪያ የምንመክረው ኤንፊውዝን ነው፤ ሁጊን ከሚባለው ነፃ ፕሮግራም ጋር አብሮ ይመጣል። የሚከተለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2007 በጥናት የቀረበው ኤክስፖዠር ፊውዥን ነው። ከእያንዳንዱ ፎቶ ጥሩ ብርሃን ያገኘውን ክፍል መርጦ ስለሚያጋጥም የተጋነነ መልክ ለመስጠት እምብዛም አይመችም፤ ሁጊንም ካሜራው ተነቃንቆ ከሆነ ፎቶዎቹን ጠርዝ ለጠርዝ ያገጣጥምልዎታል። ዳርክቴብል የተባለው ነፃ ፕሮግራምም ሮው ፋይሎችን ያዋህዳል፣ ነገር ግን አያገጣጥምም። ካሜራው ጥቂት እንኳ ከተነቃነቀ ሁሉም ጠርዝ ድርብ ይሆናል፤ ስለዚህ ያለ ትራይፖድ ለተነሳ ፎቶ አይጠቀሙበት። ካዋሃዱ በኋላ ‹ቶን ኢኳላይዘር› በሚለው ክፍል ጥላውን ብቻ ከግማሽ እስከ አንድ ስቶፕ ያንሱ፤ ‹ፊልሚክ› ላይ ደግሞ የጥቁሩን መጠን ጥላው በቂ ጥቁር እስኪይዝ ድረስ ያስተካክሉ።