ከወረታ ልውጣ ወይስ ልቆይ?

ሰላም እህቴ። በጂኦግራፊ ተመርቀሽ ወረታ እናትሽ ቤት ከተቀመጥሽ ዓመት ሊሞላሽ ነው። «በዚህ ዲግሪ ትንሽ ከተማ ውስጥ ምን ይሠራል? አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ልሂድ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሰፈሩ «ተምራ ቤት ዋለች» ማለቱም እንዳሳመመሽ ጽፈሻል።

ሂጂ፤ ግን ባዶ እጅሽን አትሂጂ። አዲስ አበባ ያንቺኑ ዲግሪ ይዞ ሲቪ የሚበትን ሞልቷል። የወረታን ሩዝ በቅርብ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ክረምት ላይ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ሲሞሉ በወረታ ዙሪያ ያለው የፎገራ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል። ለሌላው እህል የሚያስቸግረው ይህ መሬት ለሩዝ ተስማማው። በደርግ ጊዜ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር የተሞከረው ሩዝ ዛሬ መፈልፈያ ቤቱን፣ ደላላውን፣ ጫኝና አውራጁን ያኖራል። ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይሆናል፤ ጠላና አረቄም ይወጣዋል። ከተማዋ የባህር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች መገናኛ መሆኗ ደግሞ ለንግዱ በጅቷታል።

እንግዲህ አንድ መፈልፈያ ቤት ግቢና ከማሽኑ ሥር አንድ እፍኝ ሩዝ አንሺ። ሙሉውን ከስባሪው ለዪው። ስባሪው ለምን በዛ? ማሳ ላይ ከልክ በላይ ደርቆ ነው? ዝርያው ተቀላቅሎ ነው? ወይስ ማሽኑ አርጅቶ? ከየትኛው ቀበሌ መጣ? በስንት ተገዛ? የአገራችን ሩዝ ከውጭ ከሚገባው ጋር ገበያ ላይ መፎካከር የሚያቅተው አንዱ ምክንያት ይኸው ስባሪ ነው። መልሱን ከተለያዩ መፈልፈያ ቤቶች ሰብስቢና ካርታ ላይ አስፍሪው። ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ሶፍትዌር በነፃ ይወርዳል።

ያ ያሳመመሽ የትንሽ ከተማ ነገር፣ ሁሉም ሰው ሁሉን ማወቁ፣ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። ነጋዴ ለማያውቀው ሰው ዋጋውን አይናገርም። የእከሌ ልጅ ስትሆኚ ግን አረፍ በይ ብሎ ቡና ያስቀዳልሻል። ይህን ከአዲስ አበባ የሚላክ ባለሙያ በደመወዝ አያገኘውም።

ካርታውን ይዘሽ እዚያው ወረታ ያለውን የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል፣ የወረዳውን ግብርናና የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች አንኳኪ። መጀመሪያ የምታገኚው የዳታ ሰብሳቢነት ኮንትራት ሊሆን ይችላል። ክፍያው ትንሽ ነው፣ አልዋሽሽም። ሲቪሽ ላይ ግን የሠራሽው ሥራ ይጻፋል። ደግሞ አደራ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳትጠይቂ ወደ ገጠር ቀበሌ እንዳትወጪ።

አዲሱ ምርት ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይገባል። እስከዚያ ሶፍትዌሩን ተለማመጂ። ጥር ላይ ካርታሽን ላኪልኝ፤ ሲቪውን አብረን እናዘጋጀዋለን። አክስትሽ ጋ የምትሄጂበትንም ጊዜ ያኔ እንቆርጣለን።