ፊቱን ተወው፣ ጀርባውን አሳየኝ

ወንድሜ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። የ1965 ፖንቲያክ ጂቲኦ መኪና ልትገዛ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ሻጩ «አርማዎቹ በሙሉ የፋብሪካ ናቸው» ብሎ ዋጋውን ሰቅሎብሃል። አንተም ስድስት ፎቶ ለጥፈህ «ኦርጅናል ነው ወይስ ተመሳስሎ የተሠራ?» ትላለህ። ስድስቱም ከፊት የተነሱ ናቸው። ከፊት በተነሳ ፎቶ የሚፈርድልህ ሰው ካለ አትመነው፣ እኔንም ጨምሮ።

እኔ እዚህ ሜሪላንድ ባትላሜራ ነኝ። የድሮ የአሜሪካ መኪና መነካካት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት አጎቴ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሱቅ ስለነበረው ልጅነቴ በመለዋወጫ መሃል ነው ያለፈው። እዚያ «ኦርጅናል ነው» ሲሉህ እጅህ ራሱ ዕቃውን ይገለብጠዋል። አሜሪካ ስመጣ ይሄን ነገር ረሳሁት መሰለኝ፣ ምክንያቱም በደንብ ተሸውጃለሁ።

ለአንድ ደንበኛ የፓራፋንጎ አርማ ጥንድ ፈልጌ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሄድኩ። ያ «6.5 ሊትር» የሚለው ባለ ሦስት ማዕዘኑ ነው። በነገራችን ላይ የ1965ቱ ሞተር 389 ኩቢክ ኢንች ነው፣ ወደ ሊትር ብትቀይረው 6.4 ገደማ ነው የሚመጣው። ስሙን ከፌራሪ ወስደው፣ «ሊትር»ን በእንግሊዞቹ አጻጻፍ ጽፈው፣ ቁጥሩንም ትንሽ አሳድገው ለጠፉት። እና ሻጩ «ኤን ኦ ኤስ ነው» አለኝ። በዘመኑ ተሠርቶ መኪና ላይ ሳይገጠም መጋዘን የቀረ ማለቱ ነው። ካርቶኑ ያረጀ፣ የጄኔራል ሞተርስ፣ ቁጥር የተለጠፈበት። 300 ዶላር ቆጥሬ ሰጠሁት። ጋራዥ ገብቼ ልገጥመው ስል ከጀርባው የወጡት እግሮቹ ፓራፋንጎው ላይ ያለው ቀዳዳ ውስጥ አልገባ አሉ። በእግሮቹ መሃል ያለው ርቀት አንሷል፣ ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቀዳዳውን ላሰፋ ሞረድ አንስቼ ነበር፣ ደግነቱ እጄን ሰበሰብኩ። ካርቶኑ የእውነት ነበር። ውስጡ ያለው ነው የትናንት።

ለምን አነሰ? አንዳንዶቹ አስመሳዮች ቅርጹን (የቀለጠው ዚንክ የሚፈስበትን) የሚወስዱት ከድሮው አርማ ላይ ነው። የቀለጠ ዚንክ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ፋብሪካው ይሄን አስልቶ ቅርጹን ትንሽ ያሰፋዋል፣ ገልባጩ ካላሰበበት ግን ልጁ ከእናቱ ያንሳል። የፊደሎቹም ጠርዝ ይደነዝዛል።

ስለዚህ ገልብጠው። የዚያን ዘመን የብረት አርማ በብዛት የቀለጠ የዚንክ ቅልቅል በግፊት ቅርጽ ውስጥ ገብቶ የተሠራ ነው። ጀርባው ላይ ከቅርጹ ተገፍቶ ሲወጣ የቀሩ ክብ ክብ ምልክቶች ታያለህ። የዕቃ ቁጥርም ይኖረዋል፣ አንዳንዴ የሠራው ድርጅት ምልክትም አለበት፣ ሁለቱም ጥርት ብለው ነው የሚነበቡት። ክሮሙ ፊት ለፊት እንደ መስታወት ሆኖ ጀርባው ጎድጎድ ያለው ቦታ ላይ ፈዘዝ ይላል። ቁጥሩ ጠርዙ ሟሟ ካለ ወይም አንድ ነገር ተፍቆ የጠፋበት የሚመስል ለስላሳ ቦታ ካለ ግን ጠርጥር።

እግሮቹን ደግሞ በጣቴ ሳልዳብስ አልተውም። በዘመኑ የነበሩት ብዙዎቹ እግራቸው ከአካሉ ጋር በአንድ ቅርጽ አብሮ የወጣ፣ ጥርስ የሌለው ዘንግ ነው። ወይ ፓራፋንጎው ቀዳዳ ውስጥ ባለ ክሊፕ ይያዛል፣ ወይ ደግሞ ራሱ ጥርስ እየቆረጠ በሚገባ ስስ ዳዶ ይታሰራል። ያ ዳዶ ዚንኩ ላይ ጠመዝማዛ ጭረት ይተዋል። እና «ኤን ኦ ኤስ ነው፣ መኪና አይቶ አያውቅም» እያለህ እግሩ ላይ ጭረት ካለ፣ ሰውየው ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል። አዲሶቹ ብዙ ጊዜ ጥርስ የወጣለት ቡሎን ወይም ማጣበቂያ አላቸው። ብዙ ጊዜ አልኩ እንጂ ሁልጊዜ አላልኩም፣ ከድሮዎቹም ባለ ጥርስ አለ።

ቁጥር አለው ብለህም አትዝናና። በፈቃድ የሚሠሩ ግልባጮች አሉ፣ አንዳንዶቹ ቁጥሩንም ጭምር ይዘው ይወጣሉ። ማርጀቱም ማስረጃ አይሆንህም። ክሮሙ ሥር ያለው ዚንክ ውሃና ጨው ሲያገኘው እንደ ብጉር እያበጠ ይወጣል፣ ግን ከ30 ዓመት በፊት የተገዛ ግልባጭም ዛሬ እንደዚያው በጉሯል።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፣ ሰው የማያስበው። ኦርጅናል ሆኖ እንደገና ክሮም የተነከረ። ክሮም ከመነከሩ በፊት ብጉሩ እስኪጠፋ በማሽን ይፋቃል፣ በዚያው የፊደሎቹ ስለት አብሮ ይሄዳል። ጀርባው እውነተኛ፣ ፊቱ ሳሙና ይሆናል። ለእኔ ይሄ ከጥሩ ግልባጭ ብዙም አይበልጥም። ሰብሳቢዎቹ ይቆጡኝ።

ቀለሙን በማጉያ መነጽር እየው። ፋብሪካው የሞላው ቀለም ስስ ነው፣ ከጎድጓዳው አይወጣም። ርካሽ ግልባጭ ላይ ወፍራም ሆኖ ጠርዙ ላይ ይፈሳል። እዚያ ፎቶህ ሥር «ማግኔት አስጠጋበት» ያለህ ልጅ ደግሞ፣ ይቅርታ ወንድሜ፣ ዚንክም ፕላስቲክም ማግኔት አይስቡም። ማግኔቱን ግን አትጣለው፣ በአርማው ዙሪያ ያለውን ላሜራ ላይ አድርገው። ካልያዘ ስቱኮ ነው፣ ስቱኮ ካለ ደግሞ ሥሩ የተደፈነ ቀዳዳ ሊኖር ይችላል።

ዋናው ጣጣህም እዚህ ጋ ነው። በ1964 እና በ1965 ጂቲኦ ራሱን የቻለ ሞዴል አልነበረም፣ ሌ ማንስ በሚባለው የፖንቲያክ ሞዴል ላይ የሚታዘዝ ተጨማሪ ዕቃ ነበር። የ1965ቱ የሻንሲ ቁጥር በ237 ይጀምራል፣ ተራው ሌ ማንስም እንደዚያው። በ242 መጀመር የመጣው በ1966 ነው። ስለዚህ አንድ ሌ ማንስ ገዝቶ፣ አርማ ለጥፎ፣ «ጂቲኦ» ብሎ መሸጥ ለሚፈልግ ሰው የ1965ቱ ሠርግና ምላሽ ነው። አርማዎቹ አንድ በአንድ ኦርጅናል ሆነው መኪናው ጂቲኦ ላይሆን ይችላል! እኔ አይቻለሁ፣ ከሞተ ጂቲኦ ተነቅለው ጤነኛ ሌ ማንስ ላይ የተሰኩ።

ቀጭን ካሜራ በስልክህ ሰክተህ ፓራፋንጎውን ከውስጥ በኩል እየው። የፋብሪካ ቀዳዳ በመሣሪያ የተበሳ፣ ንጹሕ ነው፣ በዙሪያውም የድሮው ቀለም አለ። በትራፓኖ የተበሳው ጠርዙ ሻካራ ነው፣ ባዶ ብረትም ይታያል። የሌ ማንስ ጽሑፍ የነበረበት ቀዳዳ በብየዳ ተደፍኖ ካየህም መልስህን አገኘህ። (ፓራፋንጎው ተቀይሮ ሊሆንም ይችላል፣ ጠይቀው።) አርማውን ግን ከውጭ በካቻቢቴ እንዳትፈነቅል። እግሩ ዚንክ ነው፣ ቀጭ ይልና አንተው ከፋይ ትሆናለህ።

ከዚያ ሞተሩ ላይ የታተመውን ባለ ሁለት ፊደል ኮድ ተመልከት። ባለ አራት ጉሮሮ ካርቡራቶሩ በማንዋል ካምቢዮ ደብሊው ቲ፣ በአውቶማቲክ ዋይ ኤስ ነው። ባለ ሦስት ካርቡራቶሩ በማንዋል ደብሊው ኤስ፣ በአውቶማቲክ ዋይ አር። እሱም ሞተር ይቀየራልና የመጨረሻ ቃል አይደለም። የመጨረሻው ቃል ፖንቲያክ ሂስቶሪክ ሰርቪስስ የሚባለው ድርጅት የሚሰጥህ የፋብሪካው ሰነድ ነው። የሻንሲ ቁጥሩን ልከህ ትከፍላለህ፣ መኪናው ሲወጣ ምን ታዝዞለት እንደነበር ታያለህ። ሻጩ ይሄን ወረቀት ማሳየት ካልፈለገ እኔ ብሆን ቡናዬን ጨርሼ እሄዳለሁ።

ግልባጭ አርማ ኃጢአት አይደለም። የራሴ መኪና ላይ ሁለት አሉ፣ ከመንገድ ላይ ሲታዩ ማንም አይለያቸውም። ግልባጭን በኦርጅናል ዋጋ መክፈል ነው ነገሩ። ዓይንህን ማስለመድ ከፈለግህ በጥቅምት ፔንሲልቬንያ፣ ኸርሺ ሂድ። እውነተኞቹን በእጅህ ይዘህ እየገለበጥክ የምትውልበት ገበያ ነው፣ ሻጮቹም ካልገዛህ ብለው አይቆጡም።

ለጊዜው ግን የጀርባውን ፎቶ ለጥፍልኝ፣ እግሮቹ በደንብ እንዲታዩ። የሻንሲ ቁጥሩንም በውስጥ ላክልኝ፣ እዚህ በአደባባይ አትለጥፈው።